ቁምሳጥንን የሚያቆመው ክብደቱ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ቤት ዕቃና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እናንተም ጋ ሳይደርስ አልቀረም። መልእክቱ ባጭሩ ቁምሳጥናችሁ ከባድ ከሆነ አትስጉ የሚል ነው። የጻፉት ሰው ቅን ሐሳብ እንዳላቸው አልጠራጠርም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በሌሊት ልጆቹን ታቅፎ ደረጃ ሲወርድ፣ የሚያረጋጋ ቃል ያስፈልግ ነበር። ግን ማረጋጋት አንድ ነገር ነው። አደጋውን የሚያብስ ነገር አድርጉ ብሎ መምከር ሌላ ነው። ጽሑፉ ሁለቱንም አድርጓል። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የተባለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው፣ ዕቃ የሚወድቀው ቀላል ሲሆን ነው ይላሉ። ስለዚህ ቁምሳጥኑን ሙሉት፣ ላዩ ላይም ሻንጣ ጫኑበት፣ ከከበደ መንቀጥቀጡ አይጥለውም። ማስረጃቸው የአክሱም ሐውልት ነው፤ ከመቶ ቶን በላይ ስለሚመዝን ይኸው ስንት ዘመን ቆሟል ይላሉ። ቀጥለውም፣ ዕቃ ቢያዘነብል እንኳ 45 ዲግሪ እስካልደረሰ ድረስ ተመልሶ ይቆማል፤ ለዚህ ደግሞ የጣሊያኑን የፒሳ ግንብ ይጠቅሳሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው አደጋው የሚጀምረው ዕቃው ሲንሸራተት ስለሆነ ከእግሩ ሥር ጎማ ወይም ምንጣፍ ይደረግ የሚል ነው። አራተኛው፣ ትንሽ ልጅ ከራሱ የሚከብድ ዕቃ ሊጥል አይችልም። የመጨረሻው፣ ዕቃን ከግድግዳ ጋር ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው፣ ግድግዳውም አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አይፈይድም፣ ተከራይም ግድግዳ መብሳት አይችልም የሚል ነው። በመሃል ደግሞ ረጅምና ጠባብ ዕቃ አልጋ አጠገብ አታቁሙ፣ ወድቆ በር ሊዘጋ የሚችል ቦታ ላይም አታድርጉ ብለዋል። እነዚህ ሁለቱ ልክ ናቸው፤ እኔም እደግማቸዋለሁ።

አሁን ወደ ክብደቱ። ዋናው ስህተት እዚህ ስላለ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ።

ባዶ ካርቶን በእጅ ገፋ ስታደርጉት ይገለበጣል። የሞላ ቁምሳጥን ግን ንቅንቅ አይልም። እውነት ነው፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ የጽሑፉ ሐሳብ አሳማኝ የመሰለውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። በእጅ ስንገፋ ጉልበታችን የተወሰነ ነው። ዕቃው ሲከብድ ጉልበታችን አይበቃም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ዕቃውን የሚገፋ እጅ የለም። የሚንቀሳቀሰው ወለሉ ነው። ወለሉ ድንገት ወደ አንድ ጎን ሲሄድ የዕቃው እግር አብሮ ይሄዳል፤ ላይኛው አካሉ ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። አውቶቡስ ድንገት ሲነሳ የቆመ ሰው ወደ ኋላ የሚንገዳገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ወደ ኋላ የመቅረት ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል። ዕቃው እጥፍ ሲከብድ የሚጥለው ኃይልም እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ቁምሳጥኑ ላይ ሁለት ነገር ይታገላል። የሚያቆመው፣ ክብደቱ ሲባዛ የስበት ማዕከሉ ከጠርዙ ባለው አግድም ርቀት ነው። የስበት ማዕከል ማለት የዕቃው ክብደት ሁሉ እዚያ የተሰበሰበ ያህል የሚቆጠርበት ነጥብ ነው፤ ይዘቱ እኩል በተደለደለ ቁምሳጥን መሃሉ ላይ ይገኛል። የሚጥለው ደግሞ፣ ያው ክብደት ሲባዛ የስበት ማዕከሉ ከወለሉ ባለው ከፍታ፣ ሲባዛ የወለሉ አክስለሬሽን ነው፤ አክስለሬሽን ማለት የወለሉ ፍጥነት ምን ያህል በድንገት እንደሚለወጥ የሚያሳይ መጠን ነው፣ እዚህ የምንለካው ከመሬት ስበት አንጻር ነው። ልብ በሉ፣ ክብደቱ በሁለቱም ወገን አለ። ስለዚህ ይጣፋል። የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ከፊት እስከ ኋላ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የተለመደ ቁምሳጥን አለን እንበል። የስበት ማዕከሉ ከፊት ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከወለል 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። 30ን ለ100 ስታካፍሉ 0.3 ይመጣል። ወለሉ ከመሬት ስበት 0.3 እጅ (30 በመቶ) በሚበልጥ አክስለሬሽን ሲወረወር ቁምሳጥኑ አንዱን ጠርዙን ከወለሉ ማንሳት ይጀምራል። 60 ኪሎ ቢመዝንም 0.3 ነው። 160 ኪሎ ቢመዝንም 0.3 ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 180 ቁመት ያለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ደግሞ 0.17 ገደማ ላይ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ወረቀት ይሁን ብረት ለውጥ የለውም።

ማመን ካቃታችሁ ሞክሩት። ሁለት አንድ ዓይነት ካርቶን ውሰዱ። አንዱን አሸዋ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ሌላውን ባዶ ተዉት። ሁለቱንም ጣውላ ላይ አቁሟቸው፣ እንዳይንሸራተቱ እግራቸው ሥር ቀጭን ቁራጭ እንጨት ምቱ፣ ከዚያ ጣውላውን በአንድ ወገን ቀስ እያላችሁ አንሱት። የሞላውም ባዶውም በአንድ ማዕዘን ላይ ይወድቃሉ።

ክብደቱ ምንም አያመጣም ማለቴ ግን አይደለም። የት እንደተቀመጠ በጣም ይለውጣል። የጽሑፉን በጣም አደገኛ ምክር የማየውም እዚህ ላይ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ቁምሳጥን ላይ 40 ኪሎ የሚሆን ሻንጣ ጫኑበት፤ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። የሻንጣው መሃል ከወለል 220 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። የሁለቱ የጋራ የስበት ማዕከል ከ100 ወደ 148 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። 30ን ለ148 ስናካፍል 0.2 ነው። ቁምሳጥኑ ከብዷል፣ ግን በቀላሉ የሚወድቅ ሆኗል። ያንኑ 40 ኪሎ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብታስቀምጡት ደግሞ የስበት ማዕከሉ ወደ 68 ይወርዳል፣ መነሻውም 0.44 ይሆናል። ክብደቱ ያው ነው። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንብባችሁ ሻንጣ የጫናችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ አውርዱት።

የአክሱሙ ምሳሌ ይበልጥ አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም ከጸሐፊው ሐሳብ ፍጹም ተቃራኒውን ያስረዳል። ከአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ሁሉ ከባዱ የትኛው ነው? 33 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ ወደ 520 ቶን ይመዝናል የሚባለው ነው። እሱ የት ነው ያለው? ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ብዙ አጥኚዎች እንደሚያምኑት የወደቀው ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ሲወድቅም ጫፉ ነፋስ መውጫ የሚባለውን መቃብር ግዙፍ የጣሪያ ድንጋይ መትቷል። ያለማቋረጥ ቆሞ የኖረውና የንጉሥ ኢዛና ነው እየተባለ የሚጠራው ሐውልት 21 ሜትር ገደማ፣ 160 ቶን ገደማ ነው። የትልቁን ሲሶ እንኳ አይመዝንም። ክብደት የሚያቆም ቢሆን ኖሮ መገኘት የነበረበት የተገላቢጦሹ ነበር።

የወደቀውን ሐውልት ቅርጽ እዩት። የእግሩ ውፍረት በጠባቡ በኩል 2.35 ሜትር ነው። ዝም ብሎ ወለል ላይ እንደቆመ ዕቃ ብንቆጥረው፣ ግማሹን ውፍረት ለግማሹ ቁመት ስናካፍል 0.07 ገደማ ይመጣል። ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የስበት ማዕከሉ ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ቁጥሩም ትንሽ ይሻላል። ያም ሆኖ አራት አምስት ዲግሪ ካዘነበለ በራሱ ክብደት አይመለስም። 520 ቶኑ እዚያ ላይ ጠላቱ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሬት ውስጥ ጠልቆ መተከሉና ዙሪያውን በድንጋይ መወጠሩ። ትልቁ ሐውልት ደግሞ ከርዝመቱ አንጻር መሬት ውስጥ የገባው ክፍል በጣም ጥቂት ነበር። የኢዛና ሐውልት ራሱ ዛሬ ዘንበል ያለ ነው፤ ከሮም የተመለሰው ሐውልት በ2000 ዓ.ም. አጠገቡ ዳግም ሲተከል ይህኛው እንዳይናወጥ በገመድና በብረት መደገፍ አስፈልጎት ነበር። መቶ ስልሳ ቶን ነው ምን ይሆናል ብሎ የተወው መሐንዲስ አልነበረም። እንግዲህ አክሱም ምስክር ይሁን ከተባለ የሚመሰክረው ለመትከልና ለማሰር ነው። ጸሐፊው በመጨረሻ ነጥባቸው አያስፈልግም ያሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ስለ አዲስ አበባ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 የደረሰው በሬክተር 5.7፣ የካቲት 7 የደረሰው ደግሞ 6 ገደማ የተለካው መንቀጥቀጥ መነሻቸው ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አዲስ አበባ ላይ የተሰማው ንቅናቄ ከላይ ካልኩት 0.3 በጣም ያነሰ ነው። በዚያ መጠን ደህና ቁምሳጥን አይወድቅም፤ ጸሐፊው አዲስ አበቤውን አይዞህ ማለታቸው ለዚያ ጊዜ ልክ ነበር። ግን ጽሑፉን የሚያነበው መተሐራና አዋሽ ያለው ሰውም ነው፤ እሱ የሚኖረው እዚያው መነሻው ላይ ነው። ስምጥ ሸለቆውም ዛሬ የጀመረ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ፎቅ ላይ ደግሞ ሕንጻው ራሱ ስለሚወዛወዝ ላይኛው ወለል ከምድር ቤቱ የበለጠ ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛው ስለ መጠን ነው። ጆርጅ ሃውስነር የሚባሉ የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህንኑ ጉዳይ በሒሳብ አሳይተዋል። ነገሩን ያነሱት እ.ኤ.አ. በ1960 ከደረሰው ከታላቁ የቺሊ መንቀጥቀጥ በኋላ ነው፤ አናታቸው ከባድ የሆነና በቀጭን ምሰሶ ላይ የቆሙ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ተርፈው ጠንካራ የሚመስሉ ሌሎች ግንባታዎች ሲጎዱ ታይቶ ነበር። ያገኙት ነገር ይህ ነው። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ዕቃዎች ትልቁ ለመውደቅ ይበልጥ ያስቸግራል። ሁለቱም መነቃነቅ የሚጀምሩት በአንድ አክስለሬሽን ነው፤ ትልቁ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሽከረከር ለመገልበጥ ግፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። መንቀጥቀጥ ደግሞ ወዲያ ሄዶ ወዲህ ይመለሳል። ትንሹን የሚጥል አንድ ፈጣን ንቅናቄ ትልቁን አወዛውዞ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ዕቃ የተሻለ ይቆማል ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። ትልቅ ማለት ግን ከባድ ማለት አይደለም። ቁምሳጥኑን በልብስ ብትሞሉት አያድግም።

ወደ 45 ዲግሪው እንሂድ። ይህ በአጭሩ የሚዘጋ ነው። 45 ዲግሪ ልክ የሚሆነው ጥልቀቱ (ከፊት እስከ ኋላ ያለው) እና ቁመቱ እኩል ለሆነ ሳጥን ብቻ ነው። ዕቃ ተመልሶ የማይቆመው የስበት ማዕከሉ ከቆመበት ጠርዝ ሲያልፍ ነው። ያ ነጥብ ለ60 በ200 ቁምሳጥን 17 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ የኋላ እግሩ ከወለል 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲነሳ ማለት ነው። ለ30 በ180 መደርደሪያ ደግሞ ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ነው። የኋላ እግሩ 5 ሳንቲ ሜትር ከተነሳ አበቃ። ሌላም መለኪያ አለ። መደርደሪያው እስኪወድቅ ድረስ የስበት ማዕከሉ ወደ ላይ ከፍ የሚለው 1 ሳንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚጨርሰው የራሱ ክብደት ነው። ቁምሳጥኑ 4 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ከፍ ማለት አለበት። እስከ 45 ዲግሪ ጊዜ አለኝ ብሎ መደርደሪያ በእጁ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ሥሩ ሊቀር ነው፤ ይህ ነጥብ ያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ፒሳ ደግሞ ለጸሐፊው አይረዳም። ግንቡ ከ5 ዲግሪ ተኩል በላይ አላዘነበለም። የስበት ማዕከሉ ከመሠረቱ ጠርዝ ገና ሩቅ ነበር። ያም ሆኖ መሐንዲሶቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ዘግተውት፣ ከሥሩ በአንድ ወገን አፈር እየቀነሱ ትንሽ ካቀኑት በኋላ የተከፈተው በ2001 መጨረሻ ነው። ለምን ፈሩ? እውነተኛ ዕቃ ሒሳቡ ላይ እንደምናስቀምጠው ድፍን ግትር ነገር ስላልሆነ። ጭነቱ ወደ አንድ ጠርዝ ሲሰበሰብ እዚያ ያለው አፈር ይሰምጣል፣ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ቺፑድ ቁምሳጥንም እንደዚያው ነው። እግሩ ሲሰበር ወይም ታችኛው ጣውላ ሲደቅ በሒሳብ 17 ዲግሪ ያልነው 12ም 10ም ሊሆን ይችላል። እኔ ያስቀመጥኳቸው ቁጥሮችም በዚህ ምክንያት ለዕቃው ያደሉ ናቸው፤ ከእነሱ ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል።

ጎማና ምንጣፉስ? ይህ ነጥብ ግማሽ እውነት አለው። መንሸራተት ጥሩ ነገር አይደለም፤ ሲንሸራተት የመጣ ፍሪጅ እግር ይሰብራል፣ በር ይዘጋል። ግን መንሸራተትና መገልበጥ አንዱ ሌላውን የሚተካ ነገር ነው እንጂ አንዱ የሌላው መጀመሪያ አይደለም። ወለሉ ሲወረወር የዕቃው እግር የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ ሰበቃ ማለት ሁለት የተነካኩ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ኃይል ነው። ሰበቃው ደካማ ከሆነ እግሩ ይለቃል፣ ዕቃው ቆሞ ይንሸራተታል፣ ላይኛው አካል ላይ የሚደርሰው ጉተታ ይቀንሳል። ሰበቃው ጠንካራ ከሆነ ግን እግሩ ወለሉን ሙጥኝ ይላል፣ ጉተታው ሁሉ ወደ መገልበጥ ይሄዳል። ደንቡ ቀላል ነው። ሰበቃው ጥልቀቱን ለቁመቱ ስናካፍል ከምናገኘው ቁጥር ካነሰ ይንሸራተታል፤ ከበለጠ ይገለበጣል። የቁምሳጥናችን ቁጥር 0.3 ነበር። ደረቅ ጎማ በደረቅ ወለል ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.5 በላይ ነው። ስለዚህ ረጅም ቁምሳጥን ሥር ጎማ ማድረግና ሌላ ምንም አለማድረግ፣ ሊንሸራተት ይችል የነበረውን ዕቃ እንዲወድቅ ማዘጋጀት ነው። ለዝቅተኛ ዕቃ ግን የጸሐፊው ምክር ይሠራል። 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 80 ቁመት ያለው ቡፌ ቁጥሩ ከ0.6 በላይ ስለሆነ ጎማው ቢይዘውም በቀላሉ አይገለበጥም። ምክሩን ለቡፌ ብቻ ቢሉት ኖሮ ደህና ነበር።

ወፍራም ምንጣፍ ከጎማውም ይብሳል። ለስላሳ ስለሆነ የፊት እግሮቹ ሲሰምጡ ዕቃው አስቀድሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከዘጠኝ ዲግሪ ተኩል ላይ አንድና ሁለት ዲግሪ በነጻ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ ይህ አንቀጽ ቢጠፋ ደስ ይለኛል። ትንሽ ልጅ ከራሱ የሚከብድ ዕቃ አይጥልም ይላል። ይጥላል። መሬት ሳይንቀጠቀጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ይጥላል።

መሳቢያ ያለው የልብስ ኮመዲኖ አስቡ። 40 ኪሎ ይመዝናል። የስበት ማዕከሉ ከፊት ጠርዙ 22 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ነው። ልጁ መሳቢያዎቹን ሁሉ ወደ ፊት ስቦ ይከፍታል። ልጆች መሳቢያን መሰላል አድርገው እንደሚወጡበት ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። መሳቢያዎቹ ከነልብሱ 16 ኪሎ ቢሆኑና 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢወጡ የጠቅላላው የስበት ማዕከል 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል። ከጠርዙ የቀረው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሚያቆመው 40 ሲባዛ በ10፣ ማለትም 400 ነው። ልጁ 20 ኪሎ ሆኖ የተከፈተው መሳቢያ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል፣ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው፤ 20 ሲባዛ በ30፣ 600። ስድስት መቶ ከአራት መቶ ይበልጣል። ኮመዲኖው ልጁ ላይ ይወድቃል። የልጁ ክብደት የኮመዲኖው ግማሽ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን ላዩ ላይ ካለ ደግሞ አስቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሒሳብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት እንዲህ ባለ ዕቃ ተጭነው ከሞቱ በኋላ አይኪያ የተባለው የቤት ዕቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 29 ሚሊዮን የሚደርሱ ኮመዲኖዎችንና የልብስ መሳቢያዎችን ከገበያና ከቤት እንዲመለሱ ጠርቷል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ የልጆቻቸውን ሞት ያዩ ወላጆች ዓመታት የታገሉለት ሕግ ጸድቋል። ሕጉ የልብስ መሳቢያ ከመሸጡ በፊት እስከ 60 ፓውንድ፣ ማለት 27 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ልጅ ክብደት፣ ከአንድ በላይ መሳቢያ ተከፍቶ፣ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ጭምር እንዲፈተን ያስገድዳል። ጸሐፊው ደህና ነው ያሉት ምንጣፍ እዚያ አንዱ አደጋ ተብሎ ሕግ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ኮመዲኖ ስትገዙ ከሕጉ በፊት የተሠራ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እኛ አገር አናጢ ቤት የሚሠራውን ደግሞ እንዲህ ብሎ የሚፈትነው የለም፤ ስለዚህ የሚፈትነው ወላጁ ነው። መሳቢያዎቹን ሁሉ ክፈቱና የላይኛውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ተጫኑት። የኋላ እግሩ ቶሎ ከተነሳ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ከታች አለ።

የቀረው ግድግዳው ነው። ግድግዳው አብሮ ይንቀጠቀጣል ብለዋል። አዎ ይንቀጠቀጣል። ማሰሩ የሚሠራውም በዚያ ምክንያት ነው። ዕቃው የሚወድቀው እግሩ ከወለሉ ጋር ሲሄድ አናቱ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው ብለናል። ግድግዳው ከወለሉ ጋር አንድ ላይ ይሄዳል። አናቱን ግድግዳው ላይ ካሰራችሁት አናቱም እግሩም አብረው ይሄዳሉ፤ ወደ ኋላ የሚቀር ነገር የለም። ጸሐፊው ነገሩን በትክክል አይተው መደምደሚያውን ገልብጠውታል።

የሚፈለገው ጉልበትም ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም። 100 ኪሎ የሚመዝነው ቁምሳጥናችን በ0.5 አክስለሬሽን ይወርወር፤ ይህ ከባድ መንቀጥቀጥ ነው። የሚጥለው 100 ሲባዛ 0.5 ሲባዛ 100፣ 5000 ነው። የሚያቆመው 100 ሲባዛ 30፣ 3000 ነው። የጎደለው 2000 ነው። ያንን 200 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ማሰሪያ ለመሙላት 10 ኪሎ የማንጠልጠል ያህል ጉልበት ይበቃል። በእርግጥ መንቀጥቀጥ ስለሚመታና ስለሚያላጋ ማሰሪያው የዚህን ብዙ እጥፍ እንዲችል ይደረጋል። ቢሆንም ሁለት ኤል ቅርጽ ያላቸው ብረቶች፣ ጥቂት ብሎንና ፊሸር የሚሸከሙት ነገር ነው። ለኮመዲኖውና ለልጁ ደግሞ የጎደለው 200 ነበር፤ ማሰሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ሁለት ኪሎ ተኩል ይበቃዋል። በሁለት ኪሎ ተኩል ልጅ ይተርፋል። ገንዘብ ማባከን የሚለውን በዚህ መዝኑት።

ጃፓኖች ይህን በከባድ ዋጋ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮቤ ላይ ከ6,400 በላይ ሰው የሞተበት መንቀጥቀጥ ማለዳ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የመጣው፤ ቤት ከመፍረሱ ሌላ አልጋ አጠገብ የቆመ ቁምሳጥንም ብዙ ሰው ጎድቷል። የቶክዮ እሳት አደጋ መከላከያ ዛሬ ለነዋሪው የሚነግረው፣ በቅርብ ዓመታት በደረሱ መንቀጥቀጦች ከተጎዱት ሰዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት የተጎዱት በወደቀ፣ በተንሸራተተ ወይም በተወረወረ የቤት ዕቃ መሆኑን ነው።

ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ግድግዳ አያስበሳኝም የሚል ሰው ግን እውነተኛ ችግር አለበት፤ ጸሐፊውም ይህን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። መውጫ ግን አለ። ጃፓን ያሉ ተከራዮች በቁምሳጥኑ አናትና በኮርኒሱ መሃል የሚወጠር ዘንግ ይጠቀማሉ፤ እኛ ጋ አናጢ በጠንካራ እንጨት ሊሠራው ይችላል፤ ኮርኒሱ ቺፑድ ሳይሆን የኮንክሪት ወለል ከሆነ ማለት ነው። ከፊት ጠርዙ ሥር ቀጭን ሽብልቅ እንጨት አስገብቶ ዕቃውን ትንሽ ወደ ግድግዳው ማስደገፍም የስበት ማዕከሉን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ጎማውም ከዚህ ጋር አብሮ ሲሆን ይጠቅማል። ብቻውን ግን ከላይ እንዳልኩት ነው። ምንም ካልተቻለ ከባዱን ወደ ታች አውርዱ፣ ሻንጣውን ከላይ አንሱ፣ የአልጋውን ራስጌ ዕቃው ሊወድቅበት ከሚችለው አቅጣጫ አዙሩት። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ግድግዳ ለሚበሱ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክፍል የሚለየው ግድግዳ አንዳንዱ አግሮስቶን ነው፣ አንዳንዱ መሃሉ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ብሎኑ የሚይዘው ድፍን ነገር ካላገኘ በመጀመሪያው ጉተታ ተነቅሎ ይወጣል። መጀመሪያ በእጃችሁ አንኳኩና ድምፁን ስሙ፤ የሚቻል ከሆነ ዕቃውን የኮንክሪት ምሰሶ ወዳለበት ጥግ አስጠጉትና እዚያ እሰሩት። በዕቃው በኩል ደግሞ ብሎኑን ቀጭኑ የጀርባ ኮምፔንሳቶ ላይ አትምቱት፣ ይቀደዳል፤ የላይኛውን ወፍራም ጣውላ ፈልጉ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፣ የኔ የዚያን ያህል አይደርስም። ሻንጣ ጫኑበት የሚለውንና ልጅ አይጥለውም የሚለውን ሁለት አንቀጾች አውጥተው መልሰው ቢያሰራጩት፣ ስለ አልጋና ስለ በር የጻፉት ጥሩ ምክር እንዳለ ይቀራል። በቀሩት ነጥቦች ላይ መከራከራችንን መቀጠል እንችላለን።